የሰሌዳው አራተኛ መስመር

መጋቢት 2 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ለቢያዝን ታጭቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ። የእህቴ ልጅ ወለላ ዛሬ ከገበያ ይዛ የመጣችው ወሬ እንዲህ ይላል፦ «ወለተ ሚካኤል በልጅነቷ ለገጣሚው ታጭታ ነበር፤ እሷን ትቶ እናኑን ስላገባ ቂም ይዛ ነው እስከ ዛሬ ቤቱን ያልረገጠችው።» ሐሰት ነው። ቢያዝን የአባቴ የመሪጌታ ሐዲስ ተማሪ ነበር። አራት ዓመት ከቤታችን ተቀምጦ ተምሯል። አባቴ ቁም ጽሕፈት ያስተማሩን ሁለታችንንም በአንድ ጊዜ ነው፤ የእኔ እጅ ከእሱ እጅ ይሻል ነበር፤ አባቴም ይህን በሰው ፊት ይናገሩ ነበር። አንድ ሰሞን ስለ ጋብቻ ሳያስቡ አልቀሩም። አስበው ተውት። ከሰው አፍ ያልወጣ ነገር እጮኝነት አይባልም።

ቤቱን ያልረገጥሁት ዋልካ አምባ ሩቅ ስለሆነ ነው። እስከ አምባ ጊዮርጊስ በማኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። እኔ ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል።

ወሬው ለምን አሁን እንደ ተነሣ ዐውቃለሁ። ክንዱ የሚባል የትምህርት ቤት አስተማሪ ከጥቂት ሰዎች ጋር ማኅበር አቁሞ የቢያዝንን ቤት እንደ ነበረ አስጠብቆ ለጎብኚ ሊከፍተው ነው። ለግንቦት ልደታ ባለሥልጣኖች ባሉበት ይመረቃል። ትናንት መጥቶ፣ ደጁ ላይ የሚሰቀለውን ሰሌዳ በእጄ እንድጽፍለት ለመነኝ።

«በጎንደር እንደ እርስዎ ያለ እጅ የቀረ የለም፣ እሜቴ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ዓይኔ ደክሟል ብዬ መለስሁት። ዓይኔ አልደከመም።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

ከቅዳሴ መልስ። ክንዱ ደብዳቤ ልኮ ድጋሚ ለምኗል። የፊደሉ አጣጣል ያሳፍራል፤ ፊደሉ አንገት የለው፣ እግር የለው። ይህ ሰው ሰሌዳውን ራሱ ቢጽፈው ቤቱ መሳቂያ ይሆናል። እሺ ብዬ ላክሁበት። ስለ ፊደሉ ብዬ ነው።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ፣ ሚካኤል

እንደ ወትሮው ድርሳነ ሚካኤል ተነበበ። መጽሐፉ የእኔ እጅ ነው። በ1931 ዓ.ም. ጽፌ ለደብራችን ሰጥቻለሁ። በወር በወር፣ በአሥራ ሁለት ቀን ይነበባል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ቆሜ ሰምቼዋለሁ።

ዛሬ ዲያቆኑ ቅጠሉን ሲገልጥ ወደ መስኮቱ ዘንበል አደረገው፤ ብርሃን ገባበት። ዓይኔን ጨፈንሁ። አጠገቤ የቆመች ሴት ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ምን ያለ ሸጋ እጅ ነው፣ የእርስዎ ነው አሉ» አለችኝ።

«ዝም በይ። ቅዱስ መጽሐፍ እየተነበበ ነው» አልኋት።

በክፉ ቃል መለስሁላት። ምን በደለችኝ? ደግ ነገር ነው የተናገረችው።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ክንዱ የዋንዛ ሰሌዳ አስይዞ መጣ። የሚጻፈውንም በወረቀት አመጣ። አራት መስመር ነው። አንደኛው፣ ይህ የገጣሚው የቢያዝን ቤት ነው ይላል። ሁለተኛው፣ በዚህ ቤት እያረሰ እየገጠመ ሃያ ስምንት ዓመት ኖረ። ሦስተኛው፣ በ1930 ዓ.ም. ቆላ ወርዶ በያዘው ንዳድ ሞተ። አራተኛው፣ ግጥሞቹን የጻፈበት የብራና ደብተር በባለቤቱ በወይዘሮ እናኑ አለማወቅ ጠፍቷል።

«አራተኛው ያስፈልጋል?» አልሁት።

«ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነው። 'ቤቱስ ይኸው፣ ግጥሙ የታል?' ይላል። መልስ ሊኖረን ይገባል፣ እሜቴ።»

«እሷ ራሷ አጠፋሁት ብላለች?»

«ያልሰማ የለም እኮ! ፊደል አታውቅም፤ ብራናውን ቆርጣ የቅቤ ቅል ከድናበታለች። እኔ ክፉ አድርጌ አልጻፍሁትም። 'አለማወቅ' ነው ያልሁት።»

ከዚያ ከሰው አፍ የለቀማቸውን ጥቂት ግጥሞች ያነብልኝ ጀመር። እየሰማሁ ሰሌዳውን እዳብስ ነበር። «የጭስ ቤት ጌታ ነኝ፣ ግድግዳው የዞረ» ሲል «'ጣራው የጠቆረ' ነው» አልሁት። ሳላስብ ነው።

እርሳሱን ከወረቀቱ አነሣ። «ከየት ያውቁታል?»

«ከሰው ሰምቼ።»

«ከማን?»

«ከብዙ ሰው። በል፣ ፀሐዩ ሳይበረታብህ ሂድ።»

ሄደ፤ ግን ከደጅ ዞር ብሎ አየኝ። ጥፋቱ አባቴ ያስለመዱኝ ነገር ነው። ሁለት ጊዜ ያነበብሁት ነገር ከልቤ አይወጣም።

አሁን መልሼ ሳየው እዚህ «ያነበብሁት» ብዬ ጽፌአለሁ። ለክንዱ «ሰምቼ» ነበር ያልሁት።

መጋቢት 28፣ ሰኞ

ቅዳሜ ሄደን እሑድ ተመለስን። ወገቤ ተቆራርጧል። ክንዱ ተማሪዎቹን ሊያስጎበኝ ሲሄድ ሰሌዳው የሚሰቀልበትን ቦታ ለክቼ እንዳይ ይዞኝ ሄደ። እምቢ ብል ወሬውን ማጽደቅ ይሆንብኝ ነበር።

የሣር ክዳን ያለው ክብ ቤት ነው። ግድግዳው በአዲስ ጭቃ ተመርጎ በነጭ አፈር ተለቅልቋል። ገብቼ ስቆም መጀመሪያ ያወቅሁት ሽታ እንደሌለው ነው። ጭስ አይሸት፣ ከብት አይሸት፣ ጌሾ አይሸት። መደቡ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ገመድ ተወጥሮበታል። ሞፈሩና ቀንበሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ቀንበሩን ገልብጠው ነበር የሰቀሉት፤ ነገርኋቸው፣ አስተካከሉት። መካከል ላይ አንድ ሣጥን ክዳኑ ተከፍቶ ባዶውን ተቀምጧል። ክንዱ ለተማሪዎቹ «ደብተሩ ይቀመጥ የነበረው እዚህ ውስጥ ነው» አላቸው። አይደለም። ደብተሩ በቆዳ ማኅደር የሚነገት ነበር፤ ሣጥን አያውቅም። ስለ ቀንበሩ የተናገረ አፌ ስለ ሣጥኑ ዝም አለ።

«ታዲያ ደብተሩ የት ደረሰ?» ብሎ አንዱ ጠየቀ።

«የቅቤ ቅል መክደኛ ሆነ!» አለ ክንዱ። ተማሪዎቹ ሳቁ። ደጁ ላይ አንዲት ሴት ቆማ ነበር፤ እሷም አፏን በነጠላዋ ሸፍና አብራ ሳቀች። እናኑ ናት። አርባ ዓመት አይቻት አላውቅም። አንድ ዓይኗ ነጭ ሆኗል። ያወቅኋት በሳቋ ነው።

ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል ያዝኋት። እጄን ይዛ ወደ ማድ ቤቱ ወሰደችኝ። የምትኖረው እዚያ ነው፤ ጥግ ላይ ቁርበቷ ተነጥፏል።

«ምነው እዚህ ሆንሽ?» አልኋት።

«ቤቱን ለእሱ ሰጡታ! እሱ ሙቶ ቤት አገኘ፣ እኔ ቆሜ ማድ ቤት አገኘሁ።» በራሷ ቀልድ ሳቀች። «እዚያ እሳት አታንድጂ፣ ጥላሸት ያበላሸዋል አሉኝ። ሣር ክዳን ያለ ጭስ ይከርማል እታለም? ሁለት ክረምት ከቆመ ሸጋ ነው። ምስጡም ይገባበታል። ይህን ብነግራቸው ማን ሊሰማኝ? ደብተር ያጠፋሁ ሴት።»

«እውነት አጥፍተሽዋል?»

ለምን እንዲህ ብዬ እንደ ጠየቅሁ አላውቅም። ምናልባት አዎ ብትለኝ ብዬ ይሆናል።

«እንጃ፣ እታለም። ድሮ ድሮ 'ወደ ጎንደር ይዞት ወርዷል' እል ነበር። ማኅደሩን አንግቶ በዚያ በገደሉ በኩል ሲወጣ ያየሁት ይመስለኝ ነበር። ሰው ሁሉ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ነሽ ሲለኝ ጊዜ ተወዛገብሁ። ያን ዓመት ቤቱ ተፈትሿል፣ ተገለባብጧል፣ ኋላም እሱ ታመመ። ምን እንዳደረግሁ በምን ዐውቃለሁ? ቅል መክደኔን ዐውቃለሁ። በምን እንደ ከደንሁት ነው የጠፋኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በየጾሙ ለነፍስ አባቴ እናዘዘዋለሁ። ስግደት ይሰጡኛል። ዘንድሮ ጉልበቴ እምቢ አለኝ እንጂ እሰግዳለሁ።»

«ቀንበሩን ገልብጠው ሰቅለውት ነበር። አስተካክዬዋለሁ» አልኋት።

«እሰይ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ።

መጋቢት 30፣ ረቡዕ

ሰሌዳውን አለሰለስሁ። ቀለም በጠበጥሁ። ቀጠነ። ደፋሁት። ወለላ «ለአራት መስመር ይህ ሁሉ ቀን፣ እትዬ?» አለችኝ። ቀለም ምን እንደሆነ ታውቃለች? የራሷን ስም ለመጻፍ ምላሷን የምታወጣ ልጅ።

ሚያዝያ 6፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የሚያነብ የለም። እንግዲያ ነገሩን በሥርዓቱ ልጻፈው።

በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን የገጠሩን ቤት እየፈተሸ በሚያቃጥልበት ወራት፣ ቢያዝን ማኅደሩን አንግቶ ከዋልካ አምባ በእግሩ መጣ። «የእኔ ቤት ሣር ነው፣ የእናንተ ድንጋይ ነው። ይችን አስቀምጭልኝ። ካንቺ የተሻለ ሰው ብራና አያያዝ አያውቅም» አለኝ። ውሃ ጠጥቶ ሄደ። በዓመቱ ሞቱን ሰማን።

በ1931 አባቴ ታመሙ። ቢድኑልኝ ድርሳነ ሚካኤል ጽፌ ለደብሩ አስገባለሁ ብዬ ተሳልሁ። ለብራና የሚሆን ፍየል በአገሩ አልነበረም፤ ጦሩ ጨርሶታል። ቤት ውስጥ ያለው ብራና የቢያዝን ብቻ ነበር። ሰማንያ ቅጠል ነው፤ አባቴ ራሳቸው ዳምጠው ፍቀው የሰጡት ነጭ ብራና። የተጻፈበት ግን የአማርኛ ግጥም ነበር። ስለ እርሻ፣ ስለ ሠርግ፣ ስለ ሚስቱ፣ የዓለም ነገር ነው። በምላጭ ፋቅሁት፣ በድንጋይ አለሰለስሁት፣ የመልአኩን ድርሳን ጻፍሁበት። ብራና ሲቸግር ጸሐፊ ሁሉ ያደርገዋል። አባቴም አድርገውት ያውቃሉ። ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን ሰረቀች የሚለኝ ካለ ይምጣና ይክሰሰኝ።

አባቴ ሃያው ቅጠል እንዳለቀ ሞቱ። ስለቱ ያን ዕለት ቀረ፤ በሽተኛው ካልዳነ ስለት አይከፈልም። የቀረው ስልሳ ቅጠል ገና አልተፋቀም ነበር።

ጨረስሁት።

በ1934 ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሁለት ሽማግሎች ከዋልካ አምባ መጡ። «ሚስቱ ወደ ጎንደር ወስዶታል ትላለች። ደብተሩ አንች ዘንድ ነው?» አሉኝ። «እኔ ዘንድ የለም» አልኋቸው። አልዋሸሁም። ያን ጊዜ መጽሐፉ ከደብሩ ዕቃ ቤት ነበር። ሽማግሎቹም አመስግነውኝ ሄዱ፤ ሄደውም እናኑን ምን እንዳሏት አልጠየቅሁም።

ሚያዝያ 12፣ ሰኞ

ጻፍሁት። አራተኛውንም መስመር።

ሚካኤል ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን አልሄድሁም። ወለላ «ምነው ዛሬ ቀሩ?» አለችኝ። ጉልበቴን አልኋት። ጉልበቱ የታመመው የእናኑ ነው።

ሰሌዳው አምሯል። መስመሩ አይዛነፍም፣ ፊደሉ አንድ ቁመት ነው። ከሁሉ ያማረው «እናኑ» የሚለው ነው። አባቴ ቢያዩት ስህተት አያወጡለትም ነበር ብዬ ጀምሬ እዚህ ላይ እጄ ቆመ።

ሚያዝያ 16፣ ዓርብ

ሰሙነ ሕማማት ከገባ ንስሐ የለምና ዛሬ ወደ አለቃ ወልደኢየሱስ ሄድሁ። የነፍስ አባቴ ናቸው፤ የደብራችንም አለቃ ናቸው። ሁሉን ነገርኋቸው፤ ብራናውን፣ ስለቱን፣ ሽማግሎቹን፣ ሰሌዳውን። በልማዴ በቅደም ተከተል ነው የነገርኋቸው። ብራና መፋቅ በሊቃውንቱ ዘንድ የተለመደ መሆኑንም አልዘለልሁም። ጨርሼ ስግደቴን ጠበቅሁ።

«እናኑ ታውቃለች?» አሉኝ።

«አታውቅም።»

«እንግዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣዎት?»

ተቆጥተው አይደለም የተናገሩት። መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ቅኔ ማኅሌቱ ገቡ። በዚህ ዕድሜዬ ትምህርቷን ሳታውቅ እንደ ተመለሰች ልጅ መንገዱን ሁሉ አንገቴን ደፍቼ ወረድሁ። የሰላምታ እጅ የነሣኝን ሰው ሁሉ አላየሁም። ኮራች ይበሉኝ።

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ

ስግደት። እናኑም ዛሬ በዚያ ጉልበቷ ትሰግዳለች። የእኔን ነው የምትሰግደው።

ሚያዝያ 27፣ ማክሰኞ

በዓሉ አለፈ። አለቃ ወልደኢየሱስን ድርሳኑን እንዲያውሱኝ ለመንኋቸው። «ስህተት አገኙበት?» አሉኝ። አዎ አልኋቸው። ሌላ አልጠየቁም፤ ራሳቸው ከዕቃ ቤት አውጥተው ሰጡኝ።

ቤት ገብቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ቅጠሉን አንድ በአንድ በፀሐይ ላይ ያዝሁት። ከጥቁሩ ጽሕፈት ሥር የቢያዝን እጅ እንደ ውሃ ጥላ ይታያል፤ የሚነበበው እዚህ አንድ ቃል፣ እዚያ ግማሽ ነው።

ጸሐፊ ብራና ሲፍቅ ከፊት ይጀምራል። እኔ የጀመርሁት ከአሥራ አንደኛው ቅጠል ነው። እዚህ ቅጠል ላይ ሦስት ቀዳዳ አለ፤ ምላጩ ጠልቆ የበሳው ነው፤ ኋላ በክር ሰፍቼዋለሁ። በቀሩት ሰባ ዘጠኝ ቅጠሎች ላይ አንድም ቀዳዳ የለም። ምላጩ አዲስ ስለ ነበር ነው እል ነበር። አዲስ አልነበረም።

በዚያ ቅጠል ላይ የነበረው ይህ ነው፦

የጭስ ቤት ጌታ ነኝ፣ ጣራው የጠቆረ፤
እናኑ ያለችበት መቼ ብርድ ነበረ።

ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ነው። ከዚህ በታች ሌላ አሥር መስመር አለ።

አሥሩንም ዐውቀዋለሁ። እያንዳንዱን ቅጠል ከመፋቄ በፊት ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ለምን እንዳነበብሁት ስልሳ ስምንት ዓመት የሆናት ሴት አትጽፍም። ሰማንያውም ቅጠል እንዳለ ከልቤ ነው። ማለዳ ስነሣ፣ ውሃ ስቀዳ፣ ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ሳልጠራው ይመጣል። ለሽማግሎቹ «እኔ ዘንድ የለም» ያልሁ ዕለትም እንዲሁ ነበር።

ዋሽቻለሁ።

ሚያዝያ 30፣ ዓርብ፣ አምባ ጊዮርጊስ

በጭነት ማኪና ደረስሁ። የማውቃት ዳቦ ሻጭ ዘንድ አርፌአለሁ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ከደጅ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ሰሌዳው በቡሉኮ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። መጽሐፉ በማኅደሩ እንዳለ ጭኔ ላይ ነው። ክንዱ ወደ ዋልካ አምባ ሲያልፍ አገኘኝ። «እስኪ ሰሌዳውን ላየው፣ እሜቴ» አለ።

«ነገ። ገና አላለቀም።»

«ገና? እንግዶቹ እኮ በአራት ሰዓት ይደርሳሉ!»

«ከአራት ሰዓት በፊት ያልቃል» አልሁት። ራሱን እየነቀነቀ በቅሎውን ኮለኮለ። ለልጁ አዘንሁለት፤ ነገ ያዘጋጀው ንግግር ይበላሽበታል።

ነገ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በቅሎዋ ሳትጫን አራተኛውን መስመር እፍቃለሁ። ምላጩን ይዣለሁ፤ ያው የድሮው ነው። ቦታውን ባዶ አልተወውም። «ደብተሩን ያጠፋችው የመሪጌታ ሐዲስ ልጅ ወለተ ሚካኤል ናት» ብዬ እጽፍበታለሁ። ለክቼዋለሁ፤ ይበቃል። ቀለሙ እስኪደርቅ ጸሎቴን አደርሳለሁ፤ ለማረሚያ የሚሆን ጊዜ አልተውም።

ዋልካ አምባ ስደርስ ወደ ቤቱ አልገባም። ከክንዱ ጋር አልነጋገርም። መጀመሪያ ማድ ቤት እገባለሁ። እናኑ ጉልበቴን ልትስም ስትል እኔ እቀድማታለሁ፤ ከቻልሁ፣ ወገቤ ከታዘዘልኝ። «ማኅደሩን አንግቶ ሲወጣ ያየሽው እውነት ነው። የተሳሳተው ሰው ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም» እላታለሁ። መጽሐፉን እጇ ላይ አስቀምጬ፣ አሥራ አንደኛውን ቅጠል ገልጬ፣ ስፌቱን በጣቷ እንድትዳብሰው አደርጋለሁ። ብታስወጣኝ እወጣለሁ፤ ከደጅ ቆሜ ለመጡት እንግዶች ሁሉ ያንኑ እደግመዋለሁ። ክንዱ ወረቀት ካለው ሰማንያውን ቅጠል እያልሁለት ይጽፋል፤ ፊደሉን ግን ቀስ ብሎ ይጣል። በቤቱም ምድጃ እሳት ይነድ እላለሁ። እምቢ ካሉ ራሴ አነዳለሁ።

ለእንግዶቹና ለክንዱ የምለው ሁሉ ግን ከአንድ ነገር በኋላ ነው። እናኑ ካላስወጣችኝ፣ እንግዶቹ ሳይመጡ፣ ክንዱ ሳይሰማ፣ በሩን ገጠም አድርጌ የቀሩትን አሥር መስመሮች እላታለሁ። ስሟ ሦስት ጊዜ ይነሣበታል። እሷ ግን እስከ ዛሬ ሰምታው አታውቅም።